የድንቹ ቅጠል ቢጫ ሆነ? ዩሪያውን አስቀምጡና መጀመሪያ ይህን እዩ

ባለፈው ጥር መጨረሻ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። አንድ የድንች ቅጠል ነው፤ ቢጫ። ከሥሩ «ይኼ ነገር ምንድነው? ምን ልርጭበት?» ብላለች። ቅጠሉን በጣም ተጠግታ ስላነሳችው ተክሉ አይታይም። አፈሩም አይታይም። አጠገቡ ያለው ተክል ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። ያለኝ ቢጫ ቀለም ብቻ ነው።

ደወልኩላት። ገና ስልኩን እንዳነሳች «ዩሪያ ሁለቴ ጨምሬበታለሁ፤ አሁን ደግሞ መድኃኒት ልገዛ እየወጣሁ ነው» አለችኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። ሁለታችንም ሐዋሳ ነን፤ እሷ መነሃሪያ አካባቢ ነው የምትኖረው፣ እኔ ታቦር። ሄጄ ማየት እችል ነበር፤ ግን አብዛኛው ነገር በጥያቄ ይለያል። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን የጠየቅኋት ነው። እሷን የማይመለከተውንም ጨምሬበታለሁ፤ የሚመለከተው ሌላ ሰው አይጠፋም።

ቢጫ ቅጠል እንደ ትኩሳት ነው። ሐዋሳ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ሊሆን ይችላል፣ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፣ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ ኪኒን መዋጥ ጥሩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ድንች ላይ ስንደርስ ግን ይጠፋብናል። እኔም ጠፍቶብኝ ያውቃል። ድንች መትከል በጀመርኩበት ዓመት ቅጠሉ ገረጣብኝና ዩሪያ ነዛሁበት። ችግሩ ለካ የውሃ መብዛት ነበር። ዩሪያው ቅጠሉን አጥቁሮ አለሰለሰው። ሐምሌ ሲገባ ያ ለስላሳ ቅጠል ምች ለሚባለው የድንች በሽታ ተመቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት መደብ ድንች የፈላ ውሃ የተደፋበት ጎመን መሰለ።

1. ቀኑን ቁጠሩ

መቼ ነው የተከላችሁት? ድንች እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከ90 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ሲደርስ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ግንዱ ይዝላል፣ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ይህ እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም። ተክሉ ቅጠሉ ላይ ያለውን ምግብ ወደ ታች እያወረደ ድንቹ ላይ እያከማቸ ነው።

ተክሉ ከበቀለ ገና ወሩ ከሆነና ቢጫ ካለ ግን ወደሚቀጥሉት ጥያቄዎች እለፉ። አበባ በሚያወጣበት ጊዜ፣ ማለትም በሁለተኛው ወር አካባቢ፣ አንድ ሁለት የታችኛ ቅጠል ቢገረጣም አትደንግጡ። ጥላ የበዛበት ወይም አፈር ስታስታቅፉት የተቀበረ ቅጠል መገርጣቱ አይቀርም።

ቀኑን ጻፉት። እኔ የምጽፈው መደቡ ጫፍ ላይ በተከልኩት የእንጨት ቁራጭ ላይ በማርከር ነው። ስልክ ላይ የጻፍኩት ከስልኩ ጋር ጠፍቶብኝ ያውቃል።

2. ራቅ ብላችሁ ቁሙና መደቡን በሙሉ እዩ

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቅጠሉ ላይ አጎንብሰን እንፈጥጣለን። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ነው የሚታየው።

መደቡ በሙሉ፣ ሁሉም ተክል እኩል ገርጥቷል? እንግዲያው ነገሩ ከአፈር፣ ከውሃ ወይም ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታ ሁሉንም በአንድ ቀን እኩል አይይዝም።

እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ መሃላቸው ያሉት ደህና? ያ ብዙ ጊዜ ከዘሩ ጋር የመጣ ነው። ቫይረስ ወይም አጠውልግ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ጠርጥሩ።

ከአንድ ቦታ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ በሽታ ወይም ነፍሳት ነው።

አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጠርዙን ጠይቁት። ምን አለ እዚያ? እኛ ቤት የልብስ ማጠቢያው ውሃ በግንቡ ሥር ይወርዳል። ያኛው ጥግ ላይ የተከልኩት ሁሉ ጠርዙ የተቃጠለ ቅጠል ነበረው። ለሁለት ዓመት «ያ ጥግ እርግማን አለበት» ስል ቆይቼ ነው ሳሙናው ትዝ ያለኝ።

ሌላው የምትለዩበት ነገር ፍጥነቱ ነው። እስክሪብቶ አምጡና የነጠብጣቡን ዳር በቀስታ ክበቡት። በሁለተኛው ቀን ተመልሳችሁ እዩ። ከመስመሩ አልፎ ከሄደ በሽታ ነው። ባለበት ከቆመ ወይ ያለፈ ጉዳት ነው፣ ወይ ቀስ ብሎ የሚመጣ የምግብ እጥረት። በአንድ ሌሊት ሁሉም ነገር ከተቃጠለ ደግሞ አንድ ነገር ፈስሶበታል ወይም ተረጭቶበታል ማለት ነው።

ለሰው ፎቶ የምትልኩ ከሆነም አንድ አትላኩ። መደቡን በሙሉ፣ አንዱን ተክል ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ቅጠሉን ከፊት፣ ያንኑ ቅጠል ከጀርባ፤ አራት ፎቶ።

3. ከታች ነው የጀመረው ከላይ?

ተክል ምግብ ሲያጥረው እንደ እናት ነው። ካለው ላይ ቀንሶ ለልጆቹ ይሰጣል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሽየምና ማግኒዚየም ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል ሊዛወሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከነዚህ አንዱ ሲያንስ የሚጎዳው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ አይንቀሳቀስም። እሱ ሲያንስ የሚገረጣው ገና ብቅ ያለው ጫፍ ነው።

ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ዝርዝሩን ቁጥር 6 ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ግን የማይጠብቀውን ነገር እናስቀድም።

4. ቅጠሉን ገልብጡት፤ በተለይ ጠዋት

ጤዛው ሳይደርቅ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። ቀለሙ የተበላሸውን ቅጠል ገልብጡና ጀርባውን እዩ። የስልክ ካሜራ ዙም አድርጎ ማየት አጉሊ መነጽር ይተካል።

ፍለጋችሁ መጀመሪያ ምች ነው። ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት ይሉታል። እንዲህ ነው የሚታየው፦ ከቅጠሉ ጫፍ ወይም ጠርዝ የሚጀምር፣ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ እድፍ። ቶሎ ወደ ቡናማና ጥቁር ይለወጣል። ዳር ዳሩን ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይከበዋል። የቅጠሉ ጅማት አያቆመውም፤ ረግጦት ያልፋል። ጠዋት ስትገለብጡት እድፉ ዳር ላይ እንደ ስስ ውርጭ ያለ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ፀሐይ ሲወጣ ሻጋታው ስለሚጠፋ ነው ጠዋት ያልኩት። ግንዱም ላይ ጥቁር ቡናማ ጠባሳ ይወጣል። ሲብስ የራሱ የሆነ መጥፎ ሽታ አለው።

ከተጠራጠራችሁ ቀላል ፍተሻ አለ። እድፍ ያለበትን ቅጠል ቁረጡ፣ እርጥብ ሶፍት ያዙና አብራችሁ ፌስታል ውስጥ አስገቡ፣ አፉን አስራችሁ ጥላ ቦታ አሳድሩት። ምች ከሆነ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነጭ ሻጋታው ያብባል። ፌስታሉን ከዚያ መደቡ አጠገብ አትፍቱት።

የሰው ምች ከሆነ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይታለፋል። የድንች ምች ግን እንደዚያ አይደለም። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ድንቹን የፈጀው፣ ብዙ ሕዝብም በረሃብ እንዲያልቅ ምክንያት የሆነው ይኸው በሽታ ነው። የሚወደው እርጥብ ቅጠልና ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድንቹን ከሚያመርቱልን እንደ ሀገረ ሰላም ካሉ ደጋዎች ይልቅ ሞቅ ትላለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ተደፍኖ ሲከርም ምች የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። በጥር ደረቅ አየር ደግሞ ብዙም አይገጥማችሁም፤ ከላይ በቧንቧ እያጠጣችሁ ቅጠሉን እርጥብ ካላሳደራችሁት በቀር።

ምች መሆኑ ከተረጋገጠ ዛሬውኑ ተንቀሳቀሱ። ጥቂት ቅጠል ብቻ ከሆነ ቅጠሉን በደረቅ ሰዓት ቆርጣችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩ። ግማሹ መደብ ከተያዘና ድንቹ መጠነኛ ከሆነ ደግሞ ምርጫችሁ አንድ ነው። ግንዱን ከመሬት ላይ እጨዱት። ያማል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ከታች ያለውን ታተርፋላችሁ። ካጨዳችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አትንኩት። የድንቹ ልጣጭ ይጠነክራል፣ አፈሩ ላይ የወደቀውም የበሽታ ዘር ይሞታል። ወዲያው ብትቆፍሩ በሽታው ከቅጠሉ ወደ ድንቹ ይሻገርና ጎተራ ገብቶ ይበሰብሳል።

መድኃኒት የሚረጨው ከመያዙ በፊት ነው። ማንኮዜብ ቅጠሉን ይሸፍናል እንጂ የገባውን አያወጣም። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱንም ደጋግመው ሲረጩት በሽታው ይለምደዋል። መጠኑንና ከረጩ በኋላ ድንቹን ለማውጣት መጠበቅ የሚገባውን ቀን እሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነግራችኋል። ሱቅ ውስጥ ከትልቅ እሽግ ተቀንሶ በላስቲክ የሚሸጠውን አትግዙ። ጽሑፍ የለውም። ምን እንደሆነም እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ምችን የሚመስል ታናሽ ወንድም አለው፤ ኧርሊ ብላይት ይሉታል። እሱ ደረቅ ነው። ቡናማ ነጠብጣቡ ውስጥ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ በክብ የሆነ መስመር አለ። ጅማት ላይ ሲደርስ ስለሚቆም ቅርጹ ማዕዘን ማዕዘን ይላል። ዙሪያው ቢጫ ይሆናል። ከታች አሮጌ ቅጠል ይጀምራል፣ ነጭ ሻጋታ አያወጣም፣ ሙቀት ይወዳል። የሚያጠቃውም የራበውንና የደከመውን ተክል ነው። የታመመውን የታችኛ ቅጠል ልቀሙ፣ ውሃውን አስተካክሉ፣ ብስባሽ ጨምሩ። ቤት ውስጥ ለተተከለ ጥቂት ድንች ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ጀርባውን ስታዩ ነፍሳትም አይታጡም። ክሽክሽ ተደርድሮ ካያችሁ ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም አይጠፋውም። ከበጋው አቧራ ጋር የምትመጣው ቀይ ሸረሪት ደግሞ በዓይን በጭንቅ ነው የምትታየው። ከላይ ቅጠሉ በመርፌ የተነቀሰ ይመስላል፣ ከዚያ ነሐስ ቀለም ይይዛል፣ ከሥሩ ስስ ድር አለ። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ። ነጥብ ነጥቡ መሄድ ከጀመረ አገኛችኋት። ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ማጠብ ለሁለቱም ይረዳል። ፀሐይ ሳይበረታ ቶሎ እንዲደርቅ ግን አድርጉ።

5. ጣታችሁን አፈር ውስጥ ክተቱ

እስከ ሁለተኛው የጣት አንጓ ድረስ። ጭቃ ነው? እርጥብ ነው? ዱቄት ነው?

ውሃ ሲበዛና ናይትሮጅን ሲያንስ ቅጠሉ ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ከታች ያስገረጣሉ። እኔን ያሳተኝ ይኸው ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከተኛ አየር አያገኝም፤ አየር ካላገኘ ምግብ ቢኖርም አይጎትትም። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት በጠርዙ በኩል ትንሽ ቆፍሩና ሥሩን እዩ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ከሆነ የሚያስፈልገው ማድረቅ ነው።

ጆንያ ውስጥ ለምትተክሉ ይህ ድርብ ነው። (ማዳበሪያ የምንለው ከረጢቱንም ነው፣ ውስጡ ያለውንም ነው። «ድንቼን በማዳበሪያ ተከልኩት» ሲባል ስንቱ ተሳስቷል!) የፕላስቲክ ጆንያ ከታችና ከጎን ካልተበሳ ከሥሩ ኩሬ ይሠራል። ላዩ ደርቆ ታያላችሁ፤ ትጨምራላችሁ፤ ታቹ ግን ይበሰብሳል። በወፍራም ሚስማር ከታች ስምንት አሥር ቦታ ብሱት፣ ሁለት ድንጋይ ላይም አስቀምጡት።

መሬት ላይ ሲሆን ደግሞ የሐዋሳ ችግር ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። አፈራችን በብዙ ሰፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። ውሃው ቶሎ ያልፋል፤ ናይትሮጅኑንም ይዞት ይወርዳል። ውሃ ያነሰው ድንች ቀትር ላይ ይዝላል፣ ማታ ይነሳል። ሲደጋገም የታችኛው ቅጠል ጠርዝ ይደርቃል። በሳምንት አንዴ ማጥለቅለቅ ሳይሆን በሦስትና በአራት ቀን ልክ ማጠጣት፣ ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በበቆሎ ቅጠል መሸፈን ነው የሚያዋጣው።

የውሃው ዓይነትም አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ሶዲየምና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ በዚያ የምታጠጡ ከሆነ፣ ወይም እንደኔ ጥግ የሳሙና ውሃ የሚደርስበት ከሆነ፣ ጨው አፈሩ ላይ ይጠራቀማል። ምልክቱ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ብቻ ቡናማ ሆኖ መድረቁና አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት መታየቱ ነው። መድኃኒቱ የዝናብ ውሃ ነው፤ ወይም በንጹሕ ውሃ አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ አጥቦ ማሳለፍ። ማዳበሪያ መጨመር ያባብሰዋል፤ ማዳበሪያም ጨው ነውና።

6. አሁን የምግቡ ጉዳይ

እዚህ የምትደርሱት ከቁጥር 4 እና 5 ነጻ ከወጣችሁ ብቻ ነው።

የታችኛው ቅጠል በሙሉ፣ ጅማቱን ጨምሮ እኩል ከገረጣ፣ ተክሉም ከቀጨጨ ናይትሮጅን ነው። ለአንድ ተክል የሻይ ማንኪያ እንኳ ያልሞላ ዩሪያ ይበቃል። ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ዙሪያውን በትኑ፣ አፈር አልብሱ፣ አጠጡ። ዩሪያ ላዩ ላይ ተበትኖ ፀሐይ ከመታው ወደ አየር ይሄዳል። ግንዱን ከነካ ደግሞ ያቃጥላል። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ አዲሱ ቅጠል ይለመልማል። ቢጫ የሆነው አሮጌ ቅጠል ላይመለስ ስለሚችል እሱን እያያችሁ ደግማችሁ አትጨምሩ። አበባው ካለፈ በኋላ ዩሪያ መጨመር ትርፉ ቅጠል ነው፤ ድንቹን ያዘገየዋል።

የታችኛው ቅጠል ጠርዙ ነሐስ መስሎ ከዚያ ከተቃጠለ፣ መሃሉ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከተሸበሸበ ፖታሽየም ነው። ድንች ፖታሽየም በጣም ይበላል። የማገዶ አመድ ፖታሽየም አለው፤ እፍኝ ለአንድ ካሬ ሜትር፣ አንድ ጊዜ። «አመድ ጥሩ ነው» ተብሎ በየሳምንቱ የሚነሰንስ ሰው አውቃለሁ። አመድ አፈሩን ወደ ኖራነት ይገፋዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ሁለት ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል።

አንደኛው ማግኒዚየም ነው። ፖታሽየም ሲበዛ ማግኒዚየምን ይገፋል። ምልክቱ ከታች ነው፤ ጅማቱና ጠርዙ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መሃል ያለው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ሁለተኛው ብረት ነው። ይህ ከላይ ነው፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ ሌላው ሎሚ ይመስላል፣ ሲብስ ወደ ነጭ ይጠጋል። አዲስ ቤት አጠገብ፣ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ በተቀበረበት ግቢ፣ ብረት ሞልቶ እንኳ ተክሉ አይደርስበትም። ብስባሽ ማብዛት፣ አመድ ማቆም፣ ውሃ አለማብዛት። ለማግኒዚየም ደግሞ 20 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ አመሻሽ ላይ ቅጠሉ ላይ መርጨት ይቻላል።

ሐምራዊ ጀርባ ያለው፣ ያላደገ፣ ጥቁር አረንጓዴ ተክል ፎስፈረስ ያጠረው ነው። ሲተከል ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ያገኘ ድንች ላይ እምብዛም አይታይም።

7. ሳይገረጣ የጠወለገ ካለ፦ የብርጭቆው ፍተሻ

ትናንት ለምለም የነበረ ተክል ዛሬ አረንጓዴ እንደሆነ ጠወለገ። አፈሩ እርጥብ ነው። ማታም አልተነሳም። ይህ ቅጠሉ ቀለም እስኪቀይር የማይጠብቅ በሽታ ነው፤ የባክቴሪያ አጠውልግ። ሙቀት ስለሚወድ እንደኛ ያለ ከተማ ይመቸዋል። የሚመጣውም በብዛት ከዘር ድንቹ ጋር ነው።

ከግንዱ ሥር አንድ ጣት የሚያህል ቁረጡ። ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠው አፍ ውሃውን ነክቶ እንዲንጠለጠል አድርጉ፤ በልብስ መቆንጠጫ ከብርጭቆው አፍ ላይ ማያያዝ ይቻላል። አትነቅንቁት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት ክር ያለ ነገር ከተቆረጠው አፍ ቁልቁል ከወረደ አጠውልግ ነው። ድንቹንም ብትቆርጡት ውስጡ ቡናማ ቀለበት አለው፤ ስትጫኑት ነጭ ፈሳሽ ያወጣል።

መድኃኒት የለውም። የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። ተክሉን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅላችሁ በላስቲክ ከግቢ አውጡ። ውሃ ከዚያ ተክል ወደ ሌላው እንዳይፈስ ዝጉ። መቆፈሪያውንና ቢላዋውን በበረኪና እጠቡ። እዚያ መሬት ላይ ለዓመታት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን አትመልሱ፤ አራቱም ዘመዳሞች ናቸው። በቆሎ፣ ሽንኩርት ወይም ጎመን ትከሉ።

8. የተዥጎረጎረና የተጠቀለለ ቅጠል

ቅጠሉ ላይ ፈዛዛና ጥቁር አረንጓዴ እንደ ካርታ ከተደባለቀ፣ ከተሸበሸበ፣ ተክሉም ከጎረቤቱ ካጠረ ቫይረስ ነው። የታችኛው ቅጠል እንደ ጥቅልል ወደ ላይ ተጠቅልሎ ሲነካ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ከሆነም ቫይረስ ነው፤ ሌላኛው ዓይነት። ቀትር ላይ በሙቀት ተጠቅልሎ ማታ የሚፈታ የላይኛ ቅጠል ግን ጤነኛ ነው።

በቫይረስ የተያዘ ተክል አይድንም። ገና ትንሽ ከሆነ ነቅላችሁ ጣሉ። ክሽክሽ ከእሱ ወደ ጎረቤቱ ስለሚያዛምት አትዘኑለት። ዘግይቶ ከሆነ ድንቹን አውጡና ብሉት፤ ሰውን አይጎዳም። ለዘር ብቻ አታስቀሩ። ገበያ ከገዛነው ድንች ውስጥ የጎነቆለውን መርጠን ስንተክል፣ ያንኑ ዘር እያዞርን ስንተክል፣ ምርቱ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት በለጠና ጉደኔ ምችን በመቋቋም የተመረጡ ናቸው። ንጹሕ ዘር የሚያመርት ገበሬ ካገኛችሁ ከገበያው ዋጋ በላይ ቢጠይቃችሁም አትከራከሩት።

አዲሱ ቅጠል እንደ ክር ከቀጠነና ከተጠማዘዘ ግን ቫይረስ ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ። መርጫ ፓምፑን ከማን ተዋሳችሁ? በቆሎ ላይ ቱ ፎር ዲ የተረጨበት ፓምፕ፣ አንድ ጊዜ ቢለቀለቅም፣ ድንቻችሁን በዚህ መልክ ያጣምመዋል። የአረም መድኃኒት ፓምፕ ለብቻው መሆን አለበት።

የአክስቴ ልጅ ጋ ልመለስ።

«መቼ ተከልሽው?»

«ጥቅምት መጀመሪያ ላይ። የመስቀል ሰሞን አፈሩን አዘጋጅቼ።»

«ሁሉም ነው ቢጫ ወይስ አንዳንዱ?»

ወጥታ አየች። «ሁሉም። እኩል ነው።»

«ከላይ ከታች?»

«ከታች ጀምሮ ነው። ላዩ ገና ትንሽ አረንጓዴ አለው። ግንዱ ግን ተኝቷል።»

«ገልብጪው።»

«ምንም የለም። ድርም የለም፣ ነጭ ነገርም የለም።»

«ጣትሽን ክተቺ።»

«ኧረ ጥፍሬን አሁን ነው የተሠራሁት!»

ከተተች። ልክ ነው፤ እርጥብ ግን ጭቃ አይደለም።

ቆጠርን። 110 ቀን አልፎታል። ሁለተኛው ዩሪያ ባይጨመርበት ምናልባት ሳምንት ቀደም ብሎ ይተኛ ነበር። «መድኃኒቱን ተይውና ውሃውን አቁሚ» አልኳት። «አሥር ቀን ጠብቂና አንዱን ድንች አውጥተሽ ልጣጩን በአውራ ጣትሽ ግፊው። ካልተላጠ አውጪ።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ሌላ ፎቶ መጣ። ሰፌድ ሙሉ ድንች፣ አጠገቡ በትንሽ ሳህን ዳጣ። ከሥሩ «ጥፍሬን ግን ትከፍላለህ» ብላለች።